ሌላ አማካሪ ልሞክር ወይስ ይብቃኝ?

የመገናኛዋ እናት
ሰላም ለሁላችሁ። ከወለድኩ ሰባት ወር ሆነኝ። ልጄ ተኝቶ እኔ ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጥኩ ይነጋል። ሻይ እቀዳለሁ፣ ሳልጠጣው ይቀዘቅዛል። እማዬ «የአራስ ነገር ነው፣ ያልፋል» ትላለች። ባለፈው ወር እንደምንም ብዬ አንድ የሥነ ልቦና አማካሪ ጋ ሄድኩ። ገና ማውራት ስጀምር ስልኩ ጠራ፤ አነሳው። ሲጨርስ «ጤነኛ ልጅ ሰጥቶሽ ምን ጎደለሽ? አመስግኚ እንጂ» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ሁሉ እንባዬ አላቆመም። የእህቴ ጓደኛ ግን በምክር ነው የዳነችው። ችግሩ ከኔ ነው?

ሐና
እህቴ፣ ካንቺ አይደለም። እኔ የተሻለኝ ሦስተኛዋ ጋ ነው። የመጀመሪያው ሰበከኝ፤ ሁለተኛዋ ጥሩ ነበረች፣ ግን አልተግባባንም። ሦስተኛዋ ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ሌሊት ማን ያግዝሻል?» አለችኝ። ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በየቀኑ የሠራሁትን አንድ ነገር ደብተር ላይ እንድጽፍ አዘዘችኝ። የመጀመሪያው ቀን የጻፍኩት «ፀጉሬን አበጠርኩ» የሚል ነው። በስድስተኛው ቀጠሮ አካባቢ እንቅልፌ ተመለሰ።

የአእምሮ ጤና ነርስ
ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሕመም ነው፤ ምስጋና ቢስነት አይደለም። ጥሩ ባለሙያ ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቅሻል፦ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ተስፋ መቁረጥ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ አለ፤ ውጤቱ ከ0 እስከ 27 ነው፤ 10 ከደረሰ ጠለቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራም ጠይቂ፤ እነሱም እንዲህ ያደክማሉ። ራስሽን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣብሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ።

ዳዊት
እኔን ምክር ብቻውን አላነሳኝም። መድኃኒት ሲጨመርበት ነው፣ ያውም ከሦስት ሳምንት በኋላ። መሃል ላይ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብዬ ልተወው ነበር። ጸበል ስሄድ አባ «መድኃኒትህን ሳታቋርጥ ተጠመቅ» አሉኝ። ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽ እንደምታጠቢ ንገሪያቸው።

የመገናኛዋ እናት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጉዳት ሐሳቡ አልመጣብኝም። ለሐሙስ ሌላ ሴት ባለሙያ ጋ ቀጠሮ ያዝኩ። ልጄን የሚይዝልኝ ግን የለም። ይዤው ብሄድ ነውር ነው?

ሐና
ምን ነውር አለው! ይዘሽው ሂጂ። ሲያለቅስ አጥቢው፤ እኔም እያጠባሁ ነው ያወራኋት።