ጥቆማ፦ ድሬ ላይ የአሮጌ ሞተር ኤሌክትሪክ በደንብ የሚሠራ ማን አለ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አባቴ ትቶልኝ ያለፈ አሮጌ ያማሃ አለችኝ፤ በእግር የምትነሳ፣ ባለ 12 ቮልት። በየዓርቡ እናቴን ልጠይቅ ሐረር እወጣባታለሁ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ፊውዝ እየበላች አስቸገረችኝ። ባለ 10 አምፔር ነው የማደርግላት፣ አራት ጨረሰች። ባለፈው ዓርብ ደንገጎን ስወጣ፣ ጠመዝማዛው ላይ ክላክሱም ፍሬቻውም የፊት መብራቱም አንድ ላይ ድርግም አሉ። ሞተሩ ግን አልጠፋም። ከላይ ጫት የጫኑ መኪኖች እየተወረወሩ ይወርዳሉ፣ እኔ ክላክስ የለኝም። ዳር ይዤ እየጸለይኩ ነው የወጣሁት።
ለማን ልስጣት? ከዚራ ላሉት የመኪና ኤሌክትሪሺያኖች፣ ለባጃጅ ጋራዥ፣ ወይስ ሐረር ላሠራት? ባትሪ ቀይር የሚሉኝም አሉ። የሠራላችሁን ሰው ጠቁሙኝ።

ነምበር ዋን፦
አቦ ባትሪ ነው፣ አትድከም። የኔም መብራቷ እምቢ ሲል ባትሪ ቀየርኩላት፣ አለቀ። ታይዋን ገበያ ግባና አዲስ ግዛ።

ደቻቱ ማዶ፦
ባትሪ ከመግዛትህ በፊት የኔን ስማ። ዓምና ከአንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ባለ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ ገዛሁ። ደረቁን ከካርቶን አወጣ፣ አሲዱን እፊቴ ሞላበት፣ ክዳኖቹን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ዘጋና «ግጠምና ንዳ» አለኝ። ቻርጅ የሚባል ነገር የለም። በሁለት ወሩ ሞተ። ስመልስለት ከፍቶ አየውና «የቧንቧ ውሃ ጨምረህበታል» አለኝ። አዎ ጨምሬያለሁ፤ ሙቀቱ ሲያደርቀው ምን ላድርግ? ሲሸጥልኝ ማን ነገረኝ? ልጆቼን ትምህርት ቤት የማደርሰው በሷ ነበር። ሦስት ሳምንት በእግር ሄድን።

ከዚራ፦
የቧንቧ ውሃ? የድሬን ውሃ? ቤትህ ያለውን ማንቆርቆሪያ ክዳኑን አንሳና ውስጡን እየው። ያ ነጭ ቅርፊት የሚጥለው ውሃ ነው ባትሪህ ውስጥ የገባው። የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የሚጨመረው፣ እሱም ከላይኛው መስመር ሳያልፍ።

የቀፊራ ሰው፦
ሱቁ የቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ከሱ ስገዛ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ አንድ ቀን አላታለለኝም። አባቱም እንደዚያው ነበሩ። የኔም አንዱ ባትሪ ቶሎ ሞቶብኝ ነበር፤ ሙቀቱ ነው እንጂ እሱ ምን ያድርግ? የሰው እንጀራ አትዝጉ።

ደቻቱ ማዶ፦
ስም አልጠራሁም እኮ ወንድሜ። የደረሰብኝን ነው የተናገርኩት። አሲድ የተሞላ አዲስ ባትሪ መጀመሪያ ቻርጅ ሳይደረግ እንደማይሰጥ ያወቅሁት ከከሰርኩ በኋላ ነው፣ ሌላው እንዳይከስር ብዬ ነው።

አሸዋ፦
ሰውየው የጠየቀው ስለ ፊውዝ ነው፣ እናንተ ባትሪ ላይ ቀራችሁ። የደከመ ባትሪ መብራት ያፈዛል እንጂ ፊውዝ አይበላም። ነምበር ዋን፣ አንተ ልጅ በዓመት ሦስት ባትሪ ቀይረሃል፤ አራተኛውን ለሰው ብትመክር አይገርመኝም።

ነምበር ዋን፦
እንግዲያው አንተ ጠቁመዋ፣ አዋቂው።

ሸዋ በር፦
ሐረር ይዘሃት ና። እኛ ሰፈር የአሮጌ ያማሃ ሽቦ በቀለሙ የሚያውቅ ሰው አለ። እዚያ ታች እጃቸው ባጃጅ ላይ ነው የለመደው። ደግሞ አየሩም ቀዝቃዛ ነው፣ ሰውየው ተረጋግቶ ይሠራል።

ባለ ባጃጅ፦
ሐረር ድረስ ምን አስኬደህ? ፊውዙን ባለ 20 አድርገው። ከቸገረህም የሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልልበት፣ እኔ ስንቴ እንደዚያ አድርጌ ቤቴ ገብቻለሁ።

የለገሃር ጡረተኛ፦
ልጄ፣ ይህን እንዳታደርግ። ፊውዝ ማለት ሽቦው እንዳይቀልጥ ቀድሞ የሚበጠስ ቀጭን ክር ነው። 20 ካደረግህበት ወይም ብርማ ወረቀት ከጠቀለልህበት፣ ቀጥሎ የሚቃጠለው ከታንከሩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። ታንከሩ ውስጥ ደግሞ ቤንዚን አለ።
እኔ ምድር ባቡር፣ አትሊዬ ውስጥ ኤሌክትሪክ ስሠራ ነው ያረጀሁት። ፊውዝ እየደጋገመ ሲቃጠል ብዙውን ጊዜ የሆነ ቦታ ሽቦ ተልጦ ማሳ፣ ማለትም የሞተሩን ብረት አካል፣ እየነካ ነው። ሞተሩ አለመጥፋቱ መልካም ነው። ብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ላይ ለካንዴላው የሚሄደው እሳት፣ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ማግኔት ራሱን ችሎ ስለሚመጣ፣ ባትሪውም ፊውዙም አይመለከተውም። ስለዚህ የእሳቱን ዕቃዎች፣ ሲዲአይ ቀይር፣ ኮይል ቀይር የሚልህን አትስማ።
ጠመዝማዛ ላይ መሆኑን ግን ልብ በል። መሪ ሲዞር የሚታጠፈው ሽቦ የቱ ጋ ነው? አንገቱ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ሽቦ ነው፣ በዚያ ላይ የድሬ ፀሐይ አለ።
እንዲህ አድርግ። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል ፈልግና ሁለት ሽቦ በካውያ አስበይድበት። ፊውዙን አውጣ፣ በቦታው እነዚያን ሁለት ሽቦዎች አግባ። መብራቱን ሁሉ አጥፍተህ ቁልፉን ክፈት። ሾርት ከሌለ አምፖሉ ጨለማ ነው፣ ቢበዛ ፈዘዝ ብሎ ይታያል። ሾርት ሲኖር ቦግ ይላል፤ ሌላ የሚቃጠል ነገር የለም፣ አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ አያሳልፍምና። ከዚያ መሪውን ቀስ እያልክ ግራ ቀኝ አዙር፣ የሽቦውን ጥቅል ከፊት እስከ ኋላ በእጅህ ነቅነቅ አድርግ። ስትነካው ቦግ ያለበት ቦታ ላይ ነው ቁስሉ። ነቅንቀህ ካላገኘኸው ሶኬቶቹን አንድ በአንድ ንቀል፤ ስትነቅለው አምፖሉ የጠፋበት መስመር ላይ ፈልግ።

አሸዋ፦
አባባ ዕድሜ ይስጥልን። እንዲህ ነው ምክር።

ደቻቱ ማዶ፦
አባባ፣ ካነሱት አይቀር እኔንም ይርዱኝ። ያ ባትሪዬ የሞተው በውሃው ነው ወይስ ቻርጅ ስላልተደረገ? አንድ ጊዜ ደግሞ የመኪና ጋራዥ ወስጄ በትልቁ ቻርጀር ሁለት ሰዓት አስሞልቼው ነበር፣ ጎኑ እጅ ያቃጥል ነበር።

የለገሃር ጡረተኛ፦
ሦስቱም ተባብረውበታል ልጄ፣ ጋራዡ ግን የባሰ ጎድቶታል። ትንሽ ባትሪ በአቅሙ አንድ አሥረኛ ነው የሚሞላው። ባለ 7 ከሆነ በ0.7 አምፔር፣ አዳሩን። ሲሞላ ከጋለ አስቁመው። አዲሱን ስትገዛ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ፣ ጋዝ ሰጥተህ፣ ባትሪው ጫፍ ላይ በቴስተር ለካ። ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ካሳየህ ደህና ነው። 15 ካለፈ ቮልቱን የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር ተበላሽቷል፣ የቱንም ባትሪ ብትገዛ እያፈላ ይጨርስብሃል።

የቀፊራ ሰው፦
አያችሁ? ሱቁ አይደለም ብያለሁ።

ከዚራ፦
አሲድ ሞልቶ ቻርጅ ሳያደርግ መስጠቱስ? እሱን ዘለልከው።

የሳቢያን ልጅ፦
አባባ እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ግቢ ውስጥ ሞከርኩት። አምፖሉ ጨለማ ነበር። መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ ሳዞር ቦግ አለ፣ ስመልሰው ጠፋ። ልጄ አጠገቤ ቆማ «አባ ድገመው» እያለች አሥር ጊዜ አስደገመችኝ። የፊት መብራቱን ቤት ፈትቼ ስገባ ሽቦዎቹ የተሸፈኑበት ጥቁር ፕላስቲክ እንደ ድርቆሽ እጄ ላይ ተፈረፈረ። አንደኛው ቡናማ ሽቦ መዳቡ ወጥቶ፣ አረንጓዴ ሻጋታ መስሎ፣ የመሪው አንገት ብረት ላይ ተኝቷል። አባቴ እዚያው ቦታ ላይ ድሮ በክር አስሮት የነበረ መሆኑን ሳይ አንጀቴን በላው። ክሩ አልቋል።
አሁን እኔ ካውያ ይዤ አላውቅም። ማን ጋር ልውሰዳት?

አሸዋ፦
ከዚራ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋር ሂድ፣ ሽቦ መቀጠል የዕለት ሥራቸው ነው። በፕላስተር ጠምዝዞ ሊሸኝህ የሚፈልገውን ግን አትቀበል፤ በኛ ሙቀት ሙጫው ይቀልጥና በወሩ ይፈታል። በስታኞ ይበይደው፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ላስቲክ ያልብሰው። ሲያስረውም መሪው እስከ ጥግ እንዲዞር ትንሽ ይልቀቅለት።

ሸዋ በር፦
ዓርብ እንደሆነ ሐረር መምጣትህ አይቀርም። እኛ ጋ ሁለት ሰዓት አይፈጅበትም፣ እናትህ ጋር ቡና ጠጥተህ ስትመለስ ትደርሳለች።

አሸዋ፦
በተላጠ ሽቦ ደንገጎን ውጣ ነው የምትለው? መጀመሪያ እዚህ ይሠራላት።

የቀፊራ ሰው፦
ላስቲኩንም አምፖሉንም ያ ሱቅ ታገኛለህ። እኔ እንደላክሁህ ንገረው።

የለገሃር ጡረተኛ፦
ማን ጋር ብትሄድ ያንን ቡናማ ሽቦ ብቻ አያስተካክል። አንዱ ፕላስቲክ ከተፈረፈረ ጎረቤቶቹም ደርሰዋል። ከአንገቱ እስከ መብራቱ ያለውን ሁሉ በአዲስ ይተካው፣ አንድ ክንድ አይሞላም። የማሳውን ብሎንም አስፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት አስጠርገው። ቅዳሜ ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ለገሃር በኩል ካለፍክ እኔም አያታለሁ።

ነምበር ዋን፦
የሳቢያን ልጅ፣ ታዲያ የት ወሰድካት?

ባለ ባጃጅ፦
አባባ፣ ብርማ ወረቀቱን ዛሬ አውጥቼ ጥያለሁ። ይሄ የአምፖል ነገር ለባጃጅም ይሠራል?

የለገሃር ጡረተኛ፦
ይሠራል ልጄ። ባለ 12 ቮልት ይሁን እንጂ ያው ነው። ቦግ ሲል ግን መስታወቱን በጣትህ እንዳትነካ፣ ይፋጃል።