ፕሮካልሲቶኒን ወርዷል፣ ሲአርፒ ግን ዘሏል፤ የቱን ልመን?

ጨነቀኝ፦ ሰላም ወገኖች። እናቴ 67 ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወደ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን የሰውነትን አካላት ሲያጠቃ) ተቀይሮ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተኝታለች። እዚያ የማይሠራውን ምርመራ ደሟን ይዘን ውጭ እናሠራለን። የኢንፌክሽን ምልክት የሚባለው ፕሮካልሲቶኒን ሰኞ 38 ነበር፣ ረቡዕ 11 ሆነ። ደስ ብሎን ሳንጨርስ ሌላው ምልክት ሲአርፒ ከ21 ወደ 240! የረቡዕን የሠራው ሌላ ላብራቶሪ ነው። የቱን ልመን? ዋጋው አይቀመስም፤ በየቀኑ ማሠራት ግድ ነው? ቁጥሩስ ትድን እንደሆነ ይናገራል?

የላብራቶሪው ልጅ፦ እግዜር ይማርልሽ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጊና ከቁጥሩ አጠገብ ያለውን መለኪያ እዪ። አንዳንዱ ላብራቶሪ ሲአርፒን በዴሲሊትር፣ አንዳንዱ በሊትር ይጽፋል። በዴሲሊትር 21 ሚሊግራም ማለት በሊትር 210 ነው። ከተቻለ ሁሉንም አንድ ቦታ አሠሩ።

ሌላ ነገር፣ ላክቴት (ሴሎች ኦክስጅን ሲያጥራቸው ደም ውስጥ የሚበዛ ነገር) ከታዘዘ ደሙን ይዛችሁ ታክሲ ሰልፍ ላይ እንዳትቆሙ! የደም ሴሎች ቱቦ ውስጥም ሆነው ላክቴት ማምረታቸውን አያቆሙም፤ ውጤቱ ያለ አግባብ ከፍ ይላል። ግራጫ ክዳን ባለው ቱቦ ይቀዳ፣ በረዶ ላይ ይሁን፣ ቶሎ ይድረስ።

ጨነቀኝ፦ አየሁት፣ የሰኞው በዴሲሊትር ነው! ተመስገን። ግን ከ210 ወደ 240ም እኮ ጨምሯል?

የማታ ተረኛ (ሐኪም)፦ እሱ አያስደነግጥም። ፕሮካልሲቶኒን ኢንፌክሽኑ በጀመረ በሰዓታት ውስጥ ይወጣል፤ ሕክምናው ከያዘ ደግሞ በየቀኑ በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ከ38 ወደ 11 በሁለት ቀን ጥሩ አወራረድ ነው። ሲአርፒን የሚሠራው ጉበት ነው፤ ዘግይቶ ይወጣል፣ ዘግይቶ ይወርዳል። በሁለተኛው ቀን ገና ላይ ቢሆን የሚጠበቅ ነው። በአራተኛ በአምስተኛው ቀንም ካልወረደ ያኔ ሐኪሞቹ ሌላ ምክንያት ይፈልጋሉ፦ ያልፈሰሰ መግል፣ የተዘጋ የሽንት ቧንቧ።

ትድናለች ወይ ላልሽው፣ ይህን ብቻውን የሚናገር የደም ምርመራ የለም። ከ2016 ጀምሮ ሴፕሲስ የሚባለው ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው የተዛባ ምላሽ የራሱን አካል ሲጎዳ ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ክሪያቲኒን (ኩላሊትን)፣ ቢሊሩቢን (ጉበትን) እና ፕላትሌት (ደም የሚያረጉትን ሴሎች) ነው። ርካሽ ናቸው፣ እዚያው ይሠራሉ፣ ሰው ግን ስማቸው ስላልከበደ ይንቃቸዋል። ላክቴትም አለ። በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶም ግፊቱ በመድኃኒት ብቻ ከቆመና ላክቴት ከ2 በላይ ከሆነ ሴፕቲክ ሾክ ይባላል፤ ያ ከባድ ነው፣ ከ10 ሰው ከ4 በላይ ይሞትበታል። ላክቴት ግን አስም ላይ በምንሰጠው ሳልቡታሞልም፣ በጉበት ሕመምም ይወጣል።

ከጋምቤላ፦ ወባም ፕሮካልሲቶኒንንም ሲአርፒንም ከፍ ያደርጋል። እኛ ጋ ፕሮካልሲቶኒን አይተን ባክቴሪያ ነው ከማለታችን በፊት የወባ ምርመራ እናያለን።

ሜሪላንድ ፋርማሲስት፦ ስለ ዋጋው እኔ ልመልስ። የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ አንቲባዮቲክ ለመጀመር ፕሮካልሲቶኒንን አትጠብቁ ይላል። የሚረዳው መቼ ይቁም የሚለው ላይ ነው፣ እሱም ከበሽተኛው ሁኔታ ጋር ታይቶ። ብዙ ጊዜ ለማቆም የሚታሰበው ከከፍተኛው 80 በመቶ ከወረደ ወይም ከ0.5 በታች ከሆነ ነው። ለእናትሽ 7.6 አካባቢ ማለት ነው። በ2024 የወጣ 2,760 ሰዎች ያሉበት የእንግሊዝ ጥናት ላይ በፕሮካልሲቶኒን መመራት አንቲባዮቲኩን በአንድ ቀን ገደማ አሳጥሯል፤ ሲአርፒ አላሳጠረም። እዚያ በየቀኑ ነበር የሚለካው። ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ግን ውሳኔ ሲቀርብ ማሠራት ይበቃል ባይ ነኝ። ሐኪሞቿን ጠይቂ።

ሲስተር ማታ፦ እኔ ደግሞ ጣትን አምናለሁ። የጣቷን ጫፍ 10 ሰከንድ ተጭነን ስንለቅ ቀለሙ በ3 ሰከንድ ውስጥ ከተመለሰ ደም እየደረሰ ነው። በ2019 የወጣ የላቲን አሜሪካ ጥናት በዚህ መመራት ላክቴትን ከመከታተል እንደማያንስ አሳይቷል። ነፃ ነው! የሽንቷንም መጠን ጠይቂ። ራውንድ ላይ (ሐኪሞቹ በሽተኞቹን እየዞሩ ሲያዩ) ደግሞ መጠየቅ አትፈሪ፣ እኛ ስንጠየቅ አንከፋም። ለሊት 9 ሰዓት ላይ ካልሆነ በቀር።

ጨነቀኝ፦ ሁላችሁንም ይባርካችሁ። ዛሬ ጠየቅኩ። ክሪያቲኒን ከ2.9 ወደ 1.8 ወርዷል፣ የግፊት መድኃኒቷንም እየቀነሱላት ነው። ካልቸሩ (የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ የሚለየው ምርመራ) ነገ ይወጣል። ፕሮካልሲቶኒን የሚሠራው ቅዳሜ ብቻ ነው ተባልን።