ኤስቪኤን ሰርቨራችን መብራት ሲመጣ በራሱ አይነሳም፣ ሰርቪስ አድርጌውም እምቢ አለ

የፍራንኮው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። አዳማ ውስጥ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ ነን። ኮዱንም የዲዛይን ፋይሉንም ኡቡንቱ በተጫነበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ በሰብቨርዥን (ኤስቪኤን፣ የፋይል ለውጦችን ታሪክ የሚይዝ ፕሮግራም) ነው የምናስቀምጠው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ይነሳል፣ ባዮሱ ላይ አስተካክለነዋል። ኤስቪኤንሰርቭ (የሰብቨርዥን ሰርቨር ፕሮግራሙ) ግን አይነሳም። የሆነ ሰው ገብቶ ተርሚናል ላይ እስኪጽፈው ሁሉም "ኮኔክሽን ሪፊውዝድ" እያየ ቁጭ ነው፤ የሰርቨሩን ክፍል ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ደግሞ 3 ሰዓት ካልሆነ አይገባም። ስለዚህ የሲስተምዲ (ሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚከታተል) ሰርቪስ ፋይል ጻፍኩለት። ኤግዜክስታርት (የሚነሳው ትእዛዝ የሚጻፍበት) ላይ ተርሚናል ላይ የምንጽፋትን ያችኑ መስመር ከነሰረዝ ዲዋ (-d) አስገባሁ፣ ሪስታርት ደግሞ ኦልዌይስ። ይነሳል፣ ወዲያው ይሞታል፣ ይነሳል፣ ይሞታል፣ ከዚያ ሎጉ ላይ "ስታርት ሪኩዌስት ሪፒትድ ቱ ኩዊክሊ" ብሎ እርፍ። በእጅ ሳስነሳው ግን ምንም አይለውም። ምን ጎድሎት ነው?

ሩት አይደለሁም፦
አልጎደለም፣ ተርፎታል። ያቺ ሰረዝ ዲ ናት ጉዷ። ሰረዝ ዲ ስትለው ፕሮግራሙ ልጅ ፕሮሰስ ከበስተጀርባ ይተውና ራሱ ይወጣል። ተርሚናል ላይ ደስ ይላል፣ ፕሮምፕቱን ይመልስልሃላ። ሲስተምዲ ግን ታይፑን ካልነገርከው ሲምፕል ነው ብሎ ነው የሚነሳው፤ ዓይኑን የሚጥለው መጀመሪያ ባስነሳው ፕሮሰስ ላይ ብቻ ነው። እሱ ሲወጣ ሥራው አለቀ ይልና የቀረውንም ልጅ ይገድለዋል። አንተ ደግሞ ኦልዌይስ ብለኸዋል፣ እንደገና ያስነሳል። ዲፎልቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ 5 ጊዜ ነው፣ ከዚያ በላይ አይታገልልህም።

ወይ ታይፑን ፎርኪንግ በለውና ፒድ ፋይሉን (የፕሮሰሱ ቁጥር የሚጻፍበትን) አሳየው፣ ወይ ከሰረዝ ዲዋ ቀጥሎ ሁለት ሰረዝ ፎርግራውንድ ጨምርና ሲምፕል ላይ ተወው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ፒድ ፋይል የት ገባ ብሎ ፍለጋ የለማ። ዩዘር የሚለው ላይ ሩት (root፣ ሁሉን የሚችለውን ዩዘር) እንዳታደርግ፣ ለብቻው ኤስቪኤን የሚባል ዩዘር ፍጠርለት። ፋይሉን በነካህ ቁጥር ዴሞን ሪሎድ በል፣ ሲስተምዲ እንደገና እንዲያነበው። ከዚያ ኢኔብል። ሰው ሁሌ ስታርት ብሎት ሲሠራ አይቶ ይሄዳል፣ ስታርት እኮ ለአሁን ብቻ ነው፤ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ እንዲነሳ የሚያደርገው ኢኔብል ነው፣ እሱም ፋይሉ መጨረሻ ኢንስቶል የሚለው ክፍል ውስጥ ዋንትድባይ መልቲ ዩዘር ታርጌት ከሌለ ዋጋ የለውም።

ቆሎ በሻይ፦
ኤስቪኤን እስካሁን አለ እንዴ 😂 ጊቲ (Gitea፣ በጊት የሚሠራ የኮድ ማስቀመጫ ሰርቨር) ጫኑና ተገላገሉ። አንድ ፋይል ነው፣ ፖርት 3000 ላይ በብሮውዘር ትከፍተዋለህ።

ሩት አይደለሁም፦
ጊቲም ሰርቪስ ካላደረግኸው መብራት ሲመጣ አይነሳም እኮ። ሰውዬው የጠየቀው ሌላ፣ የምትመልሰው ሌላ።

የፍራንኮው ልጅ፦
ዲዛይነሮቹ ትልልቅ የፎቶሾፕ ፋይል ነው የሚሠሩት፣ አንዱ ሲይዘው ሌላው እንዳይነካው ሎክ ያደርጋሉ፣ እሱን ለምደውታል፤ ለጊዜው አንነቃነቅም። ፎርግራውንዷ ሠርታለች፣ ተባረክ! አሁን ደግሞ ቼክአውት (ፋይሉን ማውረድ) ይሠራል፣ ኮሚት (ለውጡን መልሶ ማስገባት) ግን "ፐርሚሽን ዲናይድ" ይላል። የሚጠቅሰው ዲቢ ፎልደር ውስጥ ያለ መጨረሻው ሎክ የሚል ፋይል ነው።

የአዋሽ ልጅ፦
ከዚህ በፊት በሱዶ (በሩት ሥልጣን) ነበር የምታስነሱት አይደል? እንግዲያው ሪፖው (ሰብቨርዥን ሁሉን የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ውስጥ ያሉት ፋይሎች የሩት ናቸው። አዲሱ ዩዘር ማንበብ ይችላል፣ መጻፍ አይችልም፣ ቼክአውት እሺ ብሎ ኮሚት እምቢ የሚለው ለዚህ ነው። ሰርቪሱን አቁም፣ የሪፖውን ፎልደር በሙሉ በቾውን (የፋይል ባለቤት በሚቀይረው ትእዛዝ) ለኤስቪኤን ዩዘር ስጠው፣ አስነሳው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ሪፖው ላይ ኤስቪኤንአድሚንን (የሪፖ ማስተዳደሪያውን ትእዛዝ) በሱዶ እንዳይነካ፣ ያው ነገር ይመለሳል።

ሪፖው ያለው በሌላ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ዩኒት ክፍል ውስጥ ሪኳየርስ ማውንትስ ፎር ብለህ ዱካውን ጻፍለት። ዲስኩ ሳይያያዝ ሰርቪሱ ቀድሞ ከተነሳ ባዶ ፎልደር ይዞ ይቀመጣል፣ ለሰዉ "ኖ ሪፖዚተሪ ፋውንድ" ይላል፣ ኮዱ ጠፋ ተብሎ ቢሮው ይታመሳል። እና ያን አሮጌ ዴስክቶፕ ከመስኮት ሥር አንሡት በናታችሁ፣ የአዳማ ሙቀት ላይ አቧራው ሲጨመር ፋኑ አይችለውም።

የፍራንኮው ልጅ፦
መስኮት ሥር መሆኑን በምን አወቅህ? 😅 ኮሚቱ ሠራ። ሶኬቱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁት፣ ማንም ሳይነካው ተነሳ። ግን ኮሚት መሐል መብራት ቢሄድስ?

የአዋሽ ልጅ፦
የሪፖው ማከማቻ ዓይነት ኤፍኤስኤፍኤስ ከሆነ፣ ዲፎልቱ እሱ ነው፣ ኮሚት ወይ ሙሉ ይገባል ወይ አይገባም። ያላለቀው ትራንዛክሽን ሆኖ ይቀራል፤ በኤስቪኤንአድሚን ኤልኤስትክስንስ ታየዋለህ፣ በአርኤምትክስንስ ታጠፋዋለህ። ዲስኩ ራሱ ከተበላሸ ግን ይሄ አያድንህም፣ ማታ ማታ በሆትኮፒ (ሰርቨሩ ሳይቆም ሪፖውን በሚገለብጠው ትእዛዝ) ወደ ሌላ ማሽን አውጣው። ዩፒኤስም (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ግዙ፣ ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት ጥቂት ደቂቃ ብትሰጥ ይበቃል።

ሩት አይደለሁም፦
ኤስቪኤንሰርቭ የሚጠቀምበትን ፖርት 3690ን ግን ከቢሮ ውጭ እንዳትከፍት። ፓስወርዶቹ ኮንፍ ውስጥ ፓስውድ የሚለው ፋይል ላይ እንዳሉ ነው የሚቀመጡት፣ ኢንክሪፕት አይደሉም፣ ከኤስቪኤን ዩዘር ሌላ ሰው እንዳያነበው አድርግ። ከቤት መግባት የሚፈልግ በኤስኤስኤች ይግባ። አኖን አክሰስ የሚለውንም (ያለ ፓስወርድ ለሚገባ ሰው የሚሰጥ ፈቃድ) "ነን" (none፣ ምንም) ካላልከው ማንበቡ ለማንም ክፍት ነው፣ እሱንም እይ።