የካርቶን ሳጥን በጨርቅና በዳንቴል ማልበስ፦ ኮላው እያሳለፈ፣ ክዳኑም አልገጥም እያለ

የለገጣፎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእንቁጣጣሽ ስጦታ የሚሆኑ ትንንሽ የካርቶን ሳጥኖች በነጭ ሳቲን እያለበስኩ ነው። ርዝመታቸው 15፣ ወርዳቸው 10፣ ቁመታቸው 6 ሳ.ሜ. ሲሆን የክዳኑ ጠርዝ 3 ሳ.ሜ. ይወርዳል። ኮላው ወደ ፊት እያለፈ ነጠብጣብ ይተዋል፣ ካርቶኑ ሲደርቅ ይጎብጣል፣ ክዳኑም ከለበሰ በኋላ አይገባም። በዚህ ዝናብ ኮላው ቶሎ አይደርቅምና ማስቲሽ ልጠቀም እንዴ?

መቀስና ክር፦
ማስቲሹን ተዪው እህቴ። ቶሎ ይይዛል፣ ግን ነጭ ጨርቅ ላይ እየቆየ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። ሽታውም ቶሎ አይለቅም፤ ከረሜላ ወይም ዳቦ ቆሎ ሊገባበት ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም።

ነጩ የአናጢ ኮላ ይበቃል። ለአቡጀዲ 3 እጅ ኮላ በ1 እጅ ውሃ፤ ለሳቲን ግን ውሃ ባይነካው ይሻላል። የሚቀባው ካርቶኑ ነው፣ ጨርቁ አይደለም። በጠፍጣፋ ብሩሽ ስስ አድርገሽ ቀብተሽ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቂ። በጣት ሲነካ የሚያጣብቅ፣ ግን የማያረጥብ ሲሆን ጨርቁን አሳርፊና ከመሃል ወደ ዳር ጥረጊው። ሳቲን ስስ ከሆነ ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ ውስጥ የሚያስገቡትን፣ በካውያ የሚጣበቀውን ማጠንከሪያ ከጀርባው ለጥፊበት፤ ነጠብጣቡ ያን ጊዜ ይቀራል። የካርቶኑ ጽሑፍም በነጭ ጨርቅ ስር እንዳይታይ አስቀድመሽ ነጭ ወረቀት አልብሺው።

ለጎኑ የሚቆረጠው 52 በ9.5 ነው፦ ዙሪያው 50፣ መደራረቢያ 2፤ ቁመቱ 6፣ ከላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ 2፣ ከታች 1.5።

ካርቶን ቆራጭ፦
9.5 የሚሠራው ክዳኑ ልል ከሆነ ብቻ ነው። ከመልበሱ በፊት በየጎኑ 2 ሚ.ሜ. ያህል ክፍተት ከሌለው የሳጥኑ ጨርቅና ወደ ክዳኑ ውስጥ የታጠፈው ተደምረው ይነክሱታል። ክዳኑ ጠበቅ ያለ ከሆነ የላይኛውን 3 ሳ.ሜ. በስስ ነጭ ወረቀት ብቻ አልብሰሽ ተዪው፣ ጨርቁ ከዚያ በታች ይጀምር። 52 በ5 ትቆርጪያለሽ፦ የሚታየው 3፣ ከታች የሚታጠፈው 1.5፣ ከላይ ጥሬ ጫፉን ለመደበቅ 0.5። ክዳኑ ሲዘጋ ጠርዙ የጨርቁ ጫፍ ላይ ያርፋል።

የሚጎብጠው አንድ ወገን ብቻ ስለሚርስ ነው። ኮላው ሲደርቅ ይኮማተርና ካርቶኑን ወደ ራሱ ይስባል። ከውስጥም በዚያው ኮላ ወረቀት ለጥፊ፤ ሁለቱ ወገን እኩል ሲስብ ቀጥ ይላል። ከሰል ምድጃ አጠገብ አታስጠጊው፣ በአንድ በኩል ቀድሞ ይደርቅና እንደገና ይጎብጣል። አየር በሚያገኝ ቦታ ይደር። ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ መሻገቱ አይቀርም፤ በተለይ በዱቄት ሙጫ የተሠራ።

ጥልፍና ጥለት፦
ዳንቴሉን በኮላ አትለጥፊው። ኮላው ቀዳዳዎቹን ይሞላና ሲደርቅ ያብለጨልጫል። ጨርቁ ካርቶኑ ላይ ሳይወጣ፣ ገና ጠፍጣፋ እያለ በመኪና ስፊው፤ መጋጠሚያው በጀርባ በኩል ይሁን። የናይለን ዳንቴል ካውያ አይችልም፣ ይቀልጣል።

የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ቁራጭ ካለሽ ደግሞ ያምራል፣ ግን ወፍራም ስለሆነ አይታጠፍም፤ እንደ መቀነት ዙሪያውን ብቻ ይዙር። እንዳይተረተር የምትቆርጪበትን መስመር አስቀድመሽ ኮላ ቀቢው፣ ሲደርቅ መሃሉን ቁረጪ።

የለገጣፎዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ክዳኑ ጠባብ ነው፣ ስለዚህ 52 በ5 ይሆናል። ግን ያለኝ ዳንቴል ወርዱ 4 ሳ.ሜ. ነው፤ 3 ሳ.ሜ. ላይ እንዴት ይቀመጣል?

ጥልፍና ጥለት፦
ሳጥኑ ላይ አይሆንም፣ ወደ ክዳኑ አውጪው። የክዳኑ ዙሪያ 52 ከሆነ 57 ሳ.ሜ. ቁረጪ፦ ለመደራረቢያ 1፣ በየማዕዘኑ ሰብሰብ የሚል 1። የላይኛውን ዳር ብቻ ስፊው፤ ከክዳኑ ጠርዝ የሚተርፈው 1 ሳ.ሜ. ነፃ ሆኖ ሳጥኑ ላይ ይውረድ። ሲከፈት አይጎተትም።