ቢኮን ማን አስተዋወቀው?

የፒያሳ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ሰው «ስቲቭ ቢኮን ለዓለም ያስተዋወቀው ነጩ ጋዜጠኛ ዶናልድ ውድስ ነው» ብሎ ጻፈ። አንጀቴ አረረ። የጸረ-አፓርታይድ ታጋዩ ቢኮ እንደ ፈረንጆቹ በ1969 የደቡብ አፍሪካ ጥቁር ተማሪዎች ማኅበር፣ የሳሶ ፕሬዝዳንት ነበር። አስተዋዋቂ አላስፈለገውም።

አንባቢው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደብቅም። ቢኮ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1977 እስር ላይ ሞተ። የፍትሕ ሚኒስትሩ ክሩገር ነገሩን ከረሃብ አድማ ጋር አያያዙት። የዴይሊ ዲስፓች ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ውድስ ግን ሬሳ ክፍል ድረስ ገብቶ አየ፤ ፎቶ አስነሳ። ኦክቶበር 19 በመንግሥት ለ5 ዓመት ታገደ። መጻፍ የለ፣ ከአንድ ሰው በላይ ማግኘት የለ። ለትንሿ ልጁ በፖስታ ካናቴራ መጣላት። በጭንቅላቷ ልታጠልቀው ስትል ጮኸች። ኬሚካል ተነክሮ ነበር። ይሄን ሁሉ የከፈለ ሰው ምን በደለህ?

የፒያሳ ልጅ፦ በልጅቷ ማንም አይከራከርህም። እኔም አባት ነኝ። የኔ ጠብ «ያስተዋወቀው» ከሚለው ቃል ጋር ነው። የረሃብ አድማውን ወሬ በሐኪሞቹ ቃል ያፈረሰውም ራንድ ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ነው። ጸሐፊዋ ሔለን ዚሌ ናት።

ሰናይት፦ ዚሌም እኮ ነጭ ናት! ክርክርህን ራስህ አፈረስከው።

የፒያሳ ልጅ፦ የቀለም ጉዳይ አይደለም ሰናይትዬ። ፐርሲ ቆቦዛን ታውቂዋለሽ? የዘ ወርልድ አዘጋጅ፣ ጥቁር። ውድስ በታገደበት ቀን የሱ ጋዜጣ ተዘጋ፣ እሱም ታሰረ። ክራይ ፍሪደም የተሰኘው ፊልም በ1987 ሲወጣ ግን ሁለተኛው ክፍል የውድስ ሽሽት ሆነ። ቢኮ በራሱ ታሪክ መሀል ላይ ይሞታል።

አንባቢው፦ ሽሽት አትበለው! ቄስ መስሎ ሌሶቶ የገባው ሊናገር ነው። በ1978 የተባበሩት መንግሥታት ጸጥታው ምክር ቤት ፊት ቆሞ መሰከረ። አገር ቤት ቢቀር አፉ የታሰረ ነበር።

ጋሼ መምህሩ፦ ልጆቼ፣ ቢኮ የሞተው በእኛ የእንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ከፖርት ኤልዛቤት እስከ ፕሪቶሪያ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ራቁቱን ላንድሮቨር ላይ ጭነውት ሄዱ። አንድ ነገር ልጨምር። ውድስ መጀመሪያ ላይ ቢኮን «ጥቁር ዘረኛ ነው» እያለ ጋዜጣው ላይ ይወርፈው ነበር። የቢኮ የትግል ጓድ ዶክተር ማምፌላ ራምፌሌ ቢሮው ድረስ ሄዳ አፋጠጠችው፤ «ሂድና ራሱን አግኘው» አለችው። ሄደ። ለውድስ ተወልዶ ያደገበትን አገር ያስተዋወቀው ቢኮ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት! ይሄንኑ ነው የምለው።

ሰናይት፦ ቆይ፣ ጋሼ ያሉት እኮ አንባቢውንም ይደግፋል። ተሳስቶ ነበር፤ ሄዶ ጠየቀ፤ ተለወጠ። ይሄን የሚያደርግ አዘጋጅ ስንት አለ?

አንባቢው፦ ተባረኪ። እሺ፣ «ያስተዋወቀው» የሚለውን ላንሳ። «የመሰከረለት» ልበል?

የፒያሳ ልጅ፦ እሱን እቀበላለሁ። ለቆቦዛስ ማን መሰከረለት?

አንባቢው፦ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው።

የፒያሳ ልጅ፦ የኔ ጥያቄ ከመጀመሪያው እሱ ነበር።