ኅብረት ሥራ ማኅበራትን ደግፉ፣ አስተዋውቁ ተባልን፤ በጀቱን ምን ላይ እናውለው?

አስተባባሪ_ሳላስበው፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክር ፈልጌ ነው። በአካባቢያችን ያሉ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተሰባስበው አንድ አስተባባሪ ቡድን አቋቁመው ነበር፣ እኔም ሳላስበው ገባሁበት። የተመረጥኩት ስብሰባ ቀርቼ ነው። ታውቁታላችሁ፣ የቀረ ሰው ይመረጣል። ወረቀቱ ላይ ሥራችን "ማኅበራቱን መደገፍና ማስተዋወቅ" ነው ይላል። ለአንድ ዓመት የምትሆን ትንሽ በጀትም አለች።

እስካሁን የቀረበው ሐሳብ አርማ ማሠራት፣ ድረ ገጽ መክፈት፣ ባዛር ማዘጋጀትና በራሪ ወረቀት ማሳተም ነው። አልጠላሁትም። ግን ማኅበራቱን ዞሬ ሳያቸው አንዱ ሒሳቡን ከዘጋ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሌላው ብድር ሊጠይቅ ባንክ ሄዶ "ባለቤቱ ማነው?" ተብሎ ባዶ እጁን ተመልሷል። ሦስተኛው ደግሞ ጎረቤቱ ያለ ማኅበር የሚያመርተውን ዕቃ ከሩቅ ነጋዴ በውድ ይገዛል። ጎረቤቱ እንደሚያመርተው ጭራሽ አያውቅም! እና ይሄን አይቼ አርማ ላሠራ? ወይስ ያልገባኝ እኔ ነኝ? ሌላ ቦታ የተሳካላቸው ምን አድርገው ነው?

ሒሳብ_ሹሟ፦
ወንድሜ፣ በደንብ ገብቶሃል። አርማው ይቆይ።

ማኅበር የሚፈርሰው ገበያ አጥቶ ነው ሲባል እሰማለሁ። እኔ የማኅበራት ሒሳብ ስሠራ ያየሁት ሌላ ነው። አባላት "ገንዘቡ የት ገባ?" ሲሉ የሚመልስ ወረቀት ሲጠፋ ነው የሚፈርሰው። አንድ የሠራሁበት ማኅበር ነበር፣ ገንዘብ ያዡ አንዲት ሳንቲም አልነካም፣ ግን ደረሰኙን ሁሉ ፌስታል ውስጥ ነበር የሚያጠራቅመው። ጠቅላላ ጉባኤው ሪፖርት ሲጠይቀው ማቅረብ አቃተው፣ ሌባ ተባለ፣ ሰውዬው ተቀይሞ ቀረ፣ ከአባላቱም ብዙዎቹ ዕጣቸውን አውጥተው ሄዱ። እኔ ፌስታሉን ተቀብዬ ስደምረው ሒሳቡ ልክ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ ጊዜው አልፏል።

ጀርመኖች ይሄን ቀድመው ነቅተውበታል። እዚያ አዲስ ኅብረት ሥራ ማኅበር ከመመዝገቡ በፊት የኦዲት ፌዴሬሽን አባል መሆን አለበት። ፌዴሬሽኑ ዕቅዱን አይቶ ያዋጣል ወይም አያዋጣም ብሎ አስተያየት ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላም በየጊዜው ይመረምራል። ልብ በል፣ ፌዴሬሽኑ የራሳቸው የማኅበራቱ ነው። እንደ ፖሊስ ሳይሆን እንደ አማካሪ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ እኔ ብሆን በበጀቱ አንድ ጎበዝ የሒሳብ ባለሙያ ቀጥሬ በየማኅበሩ እያዞርኩ አሠራው ነበር። አንድ ትንሽ ማኅበር ብቻውን ደመወዙን አይችልም፣ ሰባት ስምንት ሆነው ግን ይችሉታል። በሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ቢቀር እንኳ ራሳቸው ይከፍሉታል።

አልዋጥልህ_ያለኝ፦
ደስ የማይል ነገር ልናገርና ተቆጡኝ። "ድጋፍ" የሚባለው ራሱ ስንቱን ማኅበር ቀብሯል። ገንዘብ መጣ ሲባል ሰው ይሰበሰባል፣ መተዳደሪያ ደንብ ከሌላ ይገለበጣል፣ ማኅተም ይቀረጻል፣ ፎቶ ይነሣል። ገንዘቡ ሲያልቅ ማኅበሩም አብሮ ያልቃል።

እንግሊዝ አገር ሮችዴል ላይ በ1844 (በፈረንጆቹ) ሱቅ የከፈቱት 28 ሰዎች ማንንም አልጠበቁም። ካፒታላቸው 28 ፓውንድ ነው፣ ያውም እየቆጠቡ ያጠራቀሙት። ሱቁ ሲከፈት ትንሽ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳር፣ አጃና ሻማ ነበር ያለው፣ አለቀ። የራሱን ያላዋጣ አባል የሚጠፋውም የሌላ ሰው ገንዘብ ነውና አይቆጨውም።

የስፔኑን የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስብስብ ሞንድራጎንን በምሳሌነት ለምታነሡም፣ ከዚያ ሁሉ ማኅበር ቀዳሚ የነበረው የቤት ዕቃ አምራቹ ፋጎር በ2013 ከስሯል። ይሄንንም አውሩ።

የዩኒየን_ሰው፦
ወዳጄ፣ ፋጎርን ካነሣህ ሙሉውን አውራው። ሲከስር ከሠራተኞቹ ብዙዎቹን ሌሎቹ የሞንድራጎን ማኅበራት ተቀብለዋቸዋል። ብቻውን የቆመ ኩባንያ ቢሆን ማን ይቀበላቸው ነበር? መክሰሩ እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ስትወድቅ የሚይዝህ አለ ወይ ነው።

አዋጡ ያልከው ላይ ግን እስማማለሁ። እንዲያውም አመጣጣቸውን ብታየው ላንተ ነው የሚመሰክረው። ቄሱ ሆሴ ማሪያ አሪስሜንዲያሪየታ በባስክ ምድር በ1943 የከፈቱት የሙያ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ማኅበር የተቋቋመው በ1956፣ ማለትም 13 ዓመት ቆይቶ፣ ያውም በራሳቸው ተማሪዎች። በ1959 ደግሞ ካሃ ላቦራል የሚባል የራሳቸውን ባንክ መሠረቱ። አየህ፣ ያኔ ብድር ጠያቂውን "ባለቤቱ ማነው?" የሚለው ቀረ። ባንኩ ውስጥ አዲስ ማኅበር ሊጀምሩ ለሚመጡ ሰዎች ጥናት የሚያግዝ፣ ከጀመሩም በኋላ እንዴት ናችሁ ብሎ የሚከታተል ክፍል ነበር። ለእኔ ድጋፍ ማለት ይሄ ነው፣ ገንዘብና ምክር ከአንድ በር የሚወጣበት።

ጣሊያንም አለ። በተለይ ኤሚሊያ ሮማኛ የሚባለው ግዛት በኅብረት ሥራ የታወቀ ነው። በ1992 በወጣ ሕግ የጣሊያን ማኅበራት ከዓመታዊ የተጣራ ትርፋቸው 3 በመቶውን ለጋራ ፈንድ ያስገባሉ። ፈንዱ የሚተዳደረው በራሳቸው ፌዴሬሽኖች በኩል ነው፣ አዲስ ማኅበር የሚቋቋመው፣ ነባሩም የሚስፋፋው በእሱ ነው። ከዚያ በፊት በ1985 ደግሞ ማርኮራ የሚባለው ሕግ ወጥቶ፣ ሊዘጋ የደረሰ ፋብሪካን ሠራተኞቹ በኅብረት ሥራ ተደራጅተው እንዲረከቡት መንገድ ከፍቷል። እናንተ ሕግ ማውጣት አትችሉም፣ ፈንዱን ግን ተስማምታችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

አስተባባሪ_ሳላስበው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የ3 በመቶዋን ነገር ለአንዱ ሊቀመንበር ደውዬ ብነግረው ጮኸብኝ! "እኛ ከሽያጫችን 3 በመቶ ከተረፈን ድል ያለ ድግስ ነው፣ እሱን ልትወስዱብን ነው?" አለኝ። ምን ልበለው?

ሒሳብ_ሹሟ፦
ሽያጭና ትርፍ ተምታቶበታል፣ በለሆሳስ አስረዳው። ከትርፍ ነው የሚባለው። 100 ያተረፈ 3 ይከፍላል። ያላተረፈ ምንም አይከፍልም።

የዩኒየን_ሰው፦
ሌላም ነገር፣ ፈንዱ ሲጀመር ደንቡ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አስገቡ። ማኅበር ቢፈርስ የተጠራቀመው መጠባበቂያ ወደ ፈንዱ ወይም ወደ ሌላ ማኅበር ይተላለፋል እንጂ አባላት አይካፈሉትም የሚል። አለበለዚያ ሀብቱ ባደገ ቁጥር "ሸጠን እንካፈል" የሚል መምጣቱ አይቀርም። እንግሊዝ ውስጥ በአባላት የተያዙ የቤት ቁጠባና ብድር ማኅበራት ነበሩ፣ ከ1989 ጀምሮ ከትልልቆቹ ብዙዎቹ በአባላት ድምፅ ወደ አክሲዮን ባንክ ተለወጡ። ከእነሱ አንዱ ኖርዘርን ሮክ በ1997 ተለወጠ፣ በ2007 ገንዘባችንን ስጡን ያለ ሰው በሩ ላይ ተሰለፈ፣ በ2008 መንግሥት ወረሰው። ትውልዶች ያጠራቀሙትን አንድ ትውልድ ተካፈለው።

ገዢ_ነኝ፦
ሁላችሁም ሒሳብ፣ ሒሳብ አላችሁ። ማስተዋወቅም እኮ አለ! ከገዢ ወገን ሆኜ አንድ ነገር ልበል። "እኛ ኅብረት ሥራ ነን" የሚል ማስታወቂያ እኔን ምንም አያስገዛኝም። ይቅርታ። ጥሩ ሰዎች መሆናችሁን አምናለሁ፣ ዕቃው ግን ቢሰበርስ?

እነዚያ ሮችዴሎችም ሰዉን የሳቡት በስብከት አልነበረም። ነጋዴው ዱቄት ውስጥ ባዕድ ነገር በሚቀላቅልበት ዘመን እነሱ ያልተቀላቀለ ሸጡ፣ ሚዛን አልሰረቁም፣ ከትርፉም ለአባሉ በገዛው መጠን መለሱለት። ብዙ የገዛ ብዙ ይመለስለታል። ከዚያ በላይ ማስታወቂያ ምን አለ?

ደግሞ ከእኔ በፊት ራሳችሁ ለራሳችሁ ሽጡ እስቲ። ያ ከሩቅ ነጋዴ የሚገዛው ማኅበር ነገር አሳቀኝም አናደደኝም። ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 ካስቀመጣቸው 7 መርሆዎች 6ኛው በማኅበራት መካከል መተባበር የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ ሰቅላችሁት ይሆናል እኮ!

አልዋጥልህ_ያለኝ፦
ይቺ እኔንም አሳምናኛለች። ማን ምን ያመርታል፣ ማን ምን ይገዛል የሚል ዝርዝር ብር አያስወጣም።

አስተባባሪ_ሳላስበው፦
እሺ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ለመጀመሪያው ስብሰባ ሊቀመንበሮቹን ትቼ ገንዘብ ያዦቹን ልጠራ ነው። አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቻለሁ፦ ምን ትሸጣላችሁ፣ ምን ትገዛላችሁ፣ ከማን፣ በስንት። ተዘዋዋሪ የሒሳብ ባለሙያ የሚለውንም ቡድኑ ሊያየው ተስማምቷል። ፈንዱ ጊዜ ይፈልጋል፣ ቢያንስ መጀመሪያ ሒሳቡ ይዘጋ። አርማውን ግን አልለቀቁትም፣ አረንጓዴ ይሁን ሰማያዊ በሚለው ላይ ሁለት ስብሰባ ሄዷል።

ሒሳብ_ሹሟ፦
ቅጹ ላይ "ሒሳብ ለመጨረሻ ጊዜ የተዘጋበት ቀን" የሚል ጨምርበት። እሷን ባዶ ትተው የሚመልሱልህን ሳትውል ሳታድር ሂድባቸው። ፌስታሉንም ጠይቃቸው።