ልጄ ሒጃብ ልጀምር አለችኝ፤ ምን ላስነብባት?

ጥያቄ፦
አሰላሙ አለይኩም። የምንኖረው ሜልበርን ነው። ልጄ አሥረኛ ክፍል ናት። ሰሞኑን «ትምህርት ቤት ሒጃብ አድርጌ ልሂድ» አለችኝ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ፈርቻለሁም። አማርኛ ትሰማለች እንጂ አታነብም። እሷን የሚመስሉ ልጆች ያሉበት የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ጠቁሙኝ።

መልስ፦
ወአለይኩም ሰላም እህቴ። የራንዳ አብደል ፈታህን «ደዝ ማይ ሄድ ሉክ ቢግ ኢን ዚስ?» ፈልጊላት። ደራሲዋ የፍልስጤምና የግብፅ ዘር ያላት አውስትራሊያዊት ናት፤ በጠበቃነትም ሠርታለች። መጽሐፉ በ2005 እ.ኤ.አ. ወጣ። ታሪኩ እዚያው እናንተ ከተማ ነው። አማል የምትባል የ16 ዓመት ልጅ ሒጃብ ለማድረግ ትወስናለች። የምትማረው ግን ሙስሊም ባልበዛበት የግል ትምህርት ቤት ነው። ጊዜውም የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት ላይ ቦምብ የፈነዳበት 2002 እ.ኤ.አ. ነው።

እኔ የወደድኩት ወላጆቿን ነው። አያስገድዷትም። አማኞች ሆነው ሳለ ውሳኔዋን ሲሰሙ ይጨነቃሉ፤ ልክ እንዳንቺ።

ጓደኛዋን ሌይላንም ልብ በያት። ዲኗን አጥብቃ የያዘች፣ መማር የምትፈልግ ልጅ ናት። እናቷ ግን ቶሎ ልትድራት ትፈልጋለች። እናቲቱ ዲን ነው ብላ የያዘችው የአገሯን ልማድ ነው። ይሄን ክፍል አንቺም አንብቢው። እኛስ ቤት «ሐራም ነው» እያልን የምንከለክለው ስንቱ ነገር ከሐረር ወይም ከወሎ ይዘነው የመጣነው ወግ ነው? ወጉ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ለልጆቻችን ግን ለይተን እንንገራቸው። አለበለዚያ በወጉ ሲበሳጩ ዲኑንም አብረው ይጥሉታል።

ሌላ መልስ፦
ከቨርጂኒያ ነኝ። የዚህችው ደራሲ «ቴን ቲንግስ አይ ሄት አባውት ሚ» ለእኔ የበለጠ ነክቶኛል። ጀሚላ የሊባኖስ ልጅ ናት። ሲድኒ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ግን ጄሚ ነኝ ትላለች። ፀጉሯን ወርቃማ ቀለም ትቀባለች፣ ሰማያዊ ሌንስ ዓይኗ ላይ ታደርጋለች። በሌላ ጊዜ መድረሳ ትሄዳለች፣ ዳርቡካ የሚባለውን የዓረብ ከበሮ ትመታለች፤ ያንን ማንም እንዲያውቅባት አትፈልግም። የእኔም ልጅ ትምህርት ቤት ስሙን አሳጥሮ ነው የሚጠራው። ጓደኞቹን ቤት አያመጣም። ይሄን መጽሐፍ እስካነብ ድረስ ጥጋብ መስሎኝ እቆጣው ነበር። ልጁ ግን የሚኖረው ፈርቶ ነው።

ጠያቂዋ፦
ጀዛኩሙላህ ኸይር። ሁለቱንም ከቤተ መጻሕፍት አስይዛለሁ። የመጀመሪያው የወንድና የሴት ነገር አለበት እንዴ?

መልስ፦
አለበት፤ ግን አያስደነግጥሽ። አማል አዳም የሚባለውን የክፍል ጓደኛዋን ትወደዋለች። ሊስማት ሲሞክር ታስቆመዋለች፣ ምክንያቷንም ትነግረዋለች። ያንን ክፍል እንዳትዘይው። እኛ ከልጆቻችን ጋር ልንጀምረው የሚከብደን ወሬ እሱ ነው። አንብባ ትጨርስ፣ ከዚያ አንቺ «አማልን ብትሆኚ ምን ትይው ነበር?» ብለሽ ጠይቂያት። ስትመልስልሽ አታቋርጫት።